በረኪናው እና የእትዬ አማረች ጥርስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋውኔን ላወልቅ ስል ዶክተር ማቴዎስ ከክፍላቸው ብቅ አሉና፣ «ራሔል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት አዳዲስ ረዳቶች ይመጣሉ። የጥርስ ሥር አጠባውን የምታሳያቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«እኔ?» አልኩ።

«ሌላ ራሔል አለች እንዴ?»

ከክሊኒኩ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሳቋርጥ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች «ይቺ ደግሞ ምን አግኝታ ነው ብቻዋን የምትስቀው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ለእናቴ ስነግራት እቅፍ አደረገችኝና፣ «እንግዲህ አስተማሪ ሆንሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳህን አላጥብም በይኛ!» አለችኝ። አጠብኩ። ግን እየዘመርኩ ነው ያጠብኩት።

ዶክተር አንድ ነገር ጨምረውልኛል። «የምታሳያቸውን ቀድመሽ ጻፊው፣ በአፍ የተነገረ ይረሳል» ብለዋል። ድሮ ጻፊ ስባል እሸሽ ነበር። ዘንድሮ የአማርኛ አስተማሪያችን የጻፍኩትን ለክፍሉ ጮክ ብለው ካነበቡት ወዲህ ግን ብዕር መፍራት ትቻለሁ። ሲስተር አስቴር የሥራ ዘመን ትዝታ ልጽፍ ነው ስላት፣ «ስንት ዓመት ኖረሽና ነው ዘመን ያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ዓመት፣ ክረምቱን ሙሉ ቀን፣ በጋውን ከትምህርት መልስ፣ እዚህ ክሊኒክ አሳልፌዋለሁ። ለእኔ ዘመን ነው። ስለዚህ ልጀምር።

የመጀመሪያው ቀን ክረምት ነበር፤ ጂንካ በጭቃ ተሞልታለች። ሲስተር አስቴር የዶክተር ዋና ረዳት ናት፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የመዘምራን መሪ። «ክረምቱን ተኝተሽ ከምታሳልፊው መጥተሽ መሣሪያ እጠቢልን» ያለችኝ እሷ ናት። ጫማዬን በር ላይ አስወልቃ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ፤ ጓንት አጠለቀችልኝ። ቀጥሎ ጥቁር ጠርሙስ አቀበለችኝ። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ሽታው አፍንጫዬን መታው። በረኪና! ነጭ ልብስ የምናጥብበት ያው በረኪና።

«ወለሉን ነው ወይስ ሽንት ቤቱን?» አልኳት።

«የሰውዬውን ጥርስ ነው» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ የተኛው ሰውዬ ግን ዓይኑን አፈጠጠ።

በኋላ ዶክተር አስቀምጠው አስረዱኝ። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ጥርስ ድፍን አይደለም፤ ውስጡ ነርቭና ደም ሥር የሚሄድበት ቀጭን ቦይ አለው፣ እስከ ሥሩ ጫፍ የሚወርድ። ጥርሱ ሲበሰብስ ወይም ሲመታ ነርቩ ይሞታል፣ ቦዩም የጀርም ቤት ይሆናል። ሰውዬው ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ወይ ጥርሱን መንቀል ነው፣ ወይ ቦዩን ከፍቶ ማጽዳት። ማጽዳቱን ሐኪሞቹ ሩት ካናል ይሉታል።

«በፋይል ከጠረጉት አይበቃም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፋይል የሚሉት መርፌ የመሰለች ሻካራ ሽቦ ናት፤ ቦዩ ውስጥ ገብታ ትፍቃለች።

«እንሰት ነቅለሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። የአሪ ልጅ እንሰት ነቅለሽ ታውቂያለሽ ወይ ይባላል? «ዋናው ይወጣልሻል። ቀጫጭኑ ሥር ግን መሬት ውስጥ ይቀራል። የጥርስ ቦይም ወደ ጎን የሚሄዱ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አሉት፤ እዚያ ፋይል አይደርስም። የሚደርሰው ውሃ ነው። ፋይል ይጠርጋል፣ ውሃው ይገድላል።»

ውሃው ያሉት ያን ጠርሙስ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በእኛ ቤት በረኪና ነው። እንዲሁ ከሱቅ መጥቶ አይጨመርም፤ ዶክተር በሚያዙት ልክ በተጣራ ውሃ ይቀጥናል። ሙቀትና ብርሃን ያደክሙታል፤ የደከመ በረኪና ሽታው እያለ አቅም የለውም። ስለዚህ በየጠዋቱ አዲስ ይሠራል፣ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ ይጻፍበታል፣ የተረፈው ማታ ይደፋል። ይሄ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የእኔ ሥራ ሆነ። እጄ ላይ ጓንት፣ ዓይኔ ላይ መነጽር፣ ደረቴ ላይ የፕላስቲክ ሽርጥ አደርጋለሁ። ሽርጡን የረሳሁ ዕለት የለበስኩት ሰማያዊ ቀሚስ እስከ ዛሬ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። እናቴ «አዲስ ፋሽን ነው?» ትለኛለች።

ሁለተኛ ፈሳሽም አለን፤ ክሎርሄክሲዲን ይባላል። እሱም ጀርም ይገድላል፣ ሽታው ግን ለስለስ ያለ ነው። አንድ ቀን ዶክተር ጠሩኝና ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት በብርጭቆ ቀላቀሉ። ዓይኔ እያየ ቡናማ ሆነ፤ የወንዝ ዝቃጭ መሰለ። «ይሄ ቦዩ ውስጥ ቢፈጠር ይደፍነዋል፣ ጥርሱንም ያቀልማል» አሉ። ሲስተር አስቴር ከኋላዬ፣ «ሁለቱ አይጋቡም፤ ሽማግሌ ብትልኪም አይጋቡም» አለች። ከዚያ ወዲህ የበረኪናው ሲሪንጅ ቀይ ፕላስተር፣ የክሎርሄክሲዲኑ ሰማያዊ ፕላስተር አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ በመካከል በንጹሕ የጨው ውሃ ይታጠባል። ይህን አትርሱ።

መርፌው ደግሞ እንደ ክትባት መርፌ አይደለም። ጫፉ ድፍን ነው፤ ቀዳዳው በጎኑ ነው። ቦዩ ውስጥ እስኪጣበቅ አይገፋም፤ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ ቀስ ተብሎ ይጫናል። በረኪናው ከሥሩ ጫፍ አልፎ ሥጋ ውስጥ ከገባ ሰውዬው ወዲያው ይጮሃል፣ ፊቱም ያብጣል። የሚረጨው ዶክተር ነው፤ እኛ አንረጭም። የእኛ ሥራ ሳክሽኑን፣ ማለት ፈሳሹን የሚመጠውን ቱቦ፣ ከጥርሱ ሥር አለማንቀሳቀስ ነው። አንድ ጠብታ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ በጥርሱ ዙሪያ የጎማ መጋረጃ ይወጠራል፤ ያም ሆኖ ሳክሽን የያዘ ሰው ዓይኑን ወደ መስኮት አይልክም። ዶክተር፣ «የሚቸኩል ሰው ሹፌር ይሁን፣ እዚህ አይሆንም» ይላሉ።

ስለ ሹፌር ካነሳን፣ ከወይጦ የመጣውን የአይሱዙ ሹፌር አልረሳውም። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ወንበሩ ይጠበዋል። ሽታው ገና ሲሸተው ብድግ አለና፣ «በረኪና! አንቺ ልጅ፣ እኔን ከሸሚዝ ጋር አምታታሽኝ እንዴ?» አለኝ።

ሲስተር አስቴር ቀበል አድርጋ፣ «ሸሚዝ እንኳ እንደዚህ አይጮህም» አለችው።

ሳቀና ተመልሶ ተኛ። ያን ቀን ሲስተር አንድ ነገር አስተማረችኝ፦ አፍንጫው ከሚነግረው አንቺ ቀድመሽ ንገሪው። እኔም ከዚያ በኋላ በሽተኛው ገና ሳይተኛ ጠርሙሱን አሳየዋለሁ። «ይሄ በረኪና ይሸታል፣ በረኪናም ነው፤ ቀጥኗል፣ የሚገባው ጥርስህ ውስጥ እንጂ አፍህ ውስጥ አይደለም» እለዋለሁ። በአሪኛም እለዋለሁ፤ በቤናኛም እንደምንም እሞክራለሁ። እየሳቁብኝ ይተኛሉ።

እንግዲህ ወደ እትዬ አማረች ልምጣ። የሥራ ዘመኔ ሁሉ ከእሷ ጥርስ በፊትና ከእሷ ጥርስ በኋላ ተብሎ ይከፈላል ብል ውሸት አይደለም።

እትዬ አማረች የመጣችው ከቀይ አፈር ከተማ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። የላይኛው ከንፈሯ አብጦ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ገባች። ከላይ ካሉት ሁለት የፊት ጥርሶች የግራው ጠቁሯል፤ ከበላዩ ድዷ ላይ መግል የያዘ ትንሽ ብጉር አለ። ራጅ ተነሣች። በሥሩ ጫፍ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ጥላ ታየ። ዶክተር በእርሳስ እያሳዩኝ፣ «ጀርሙ አጥንቱን በልቶታል። ጥቁር የሆነው አጥንት የጎደለበት ነው» አሉ።

«ሰው ሁሉ አስነቅይው ይለኛል» አለች እትዬ አማረች። «ባለቤቴም አስነቅይው ይለኛል። እኔ ግን እሱን ሰምቼ አይደለም የመጣሁት። ሌላውን የፈለጋችሁትን ንቀሉ። ይቺን ከነቀላችሁብኝ ገበያ መውጣቴ ቀረ።»

«እንሞክራለን» አሉ ዶክተር። «ግን እንዲህ የበላ ጥርስ ሁልጊዜ አይድንም። ሥሩ ካልጸዳ መንቀላችን አይቀርም።»

«ይጸዳል» አለች፤ እሷ ሐኪም የሆነች ይመስል።

ያን ቀን ተጀመረ። ማደንዘዣ ተወጋች፣ መጋረጃው ተወጠረ፣ ጥርሱ ከኋላው በኩል፣ በምላስ ወገን፣ ተከፈተ። ሲከፈት የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ዶክተር በፋይል ይጠርጋሉ፣ በበረኪና ያጥባሉ፣ እንደገና ይጠርጋሉ። በረኪናው የበሰበሰ ነገር ሲያገኝ አረፋ ይደፍቃል። መጀመሪያ አረፋው ብዙና ቆሻሻ ነበር፤ እየቆየ ቀነሰ። በመጨረሻ ቀጭን የወረቀት ዘንግ እየከተቱ አደረቁትና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ኖራ የመሰለ ነጭ መድኃኒት ሞሉት። እሱ ውስጥ ተቀምጦ የተረፈውን ጀርም ቀስ እያለ ይጨርሳል። ከላዩ በጊዜያዊ ሙሌት ተዘጋ።

«እስክትመለሺ በዚህ ጥርስ እንዳትበዪ» አሏት ዶክተር። እኔም በአሪኛ ደገምኩላት፤ ቤታቸው አሪኛ ነው የሚናገሩት። «ጠንካራ ነገር እንዳትነክሺ፣ ለስላሳ ብዪ፣ በጎን ጥርስሽ አኝኪ።»

«እሺ፣ ገንፎ ነው የምበላው» አለች። ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ነጠላዋ አፏ ላይ ነበር። ከንፈሯ እንደገና አብጧል። ዶክተር መስተዋቷን ከጥርሱ ኋላ ቢያስገቡ ጊዜያዊው ሙሌት ተሰንጥቆ ግማሹ የለም። ምራቅ ገብቷል፣ ነጩ መድኃኒት ታጥቦ ወጥቷል፣ ጀርሙ ቤቱን መልሶ ይዟል።

«ምን በላሽበት?»

«ምንም!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዶክተር፣ ልጆቼ ይሙቱ፣ ገንፎ ብቻ ነው!»

ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ተጀመረ። ፋይል፣ በረኪና፣ ወረቀት፣ ነጭ መድኃኒት፣ ሙሌት። በቀጣዩም ስትመጣ ያው ነው፤ ሙሌቱ በዚያው ቦታ ተሰብሯል። ዶክተር ጓንታቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እሳቸው አይቆጡም፤ ሲያዝኑ ነው ድምፃቸው ዝቅ የሚለው።

«ስሚኝ አማረች» አሏት። «ሥሩን በየጊዜው በፋይል ስንፍቀው ግድግዳው እየሳሳ ነው። ከዛሬው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ላጥብልሽ እችላለሁ። የዛሬው ሙሌትም ከተሰበረ እነቅለዋለሁ። አልዋሽሽም።»

ጥርሱ ያን ቀንም ታጥቦ መድኃኒት ተሞላና ተዘጋ። ሙሌቱ እስኪደርቅ ከንፈሯን ገልጣ ተኝታ ሳለች እንባዋ በጆሮዋ በኩል ሲወርድ አየሁ። ጠረግኩላት። በረኪና ፈሰሰባት ብዬ የደነገጥኩ መስሏት ይሁን አላውቅም፣ «አያቃጥልም፣ አይዞሽ» አለችኝ፤ እኔን ታጽናናለች!

ከሄደች በኋላ ሲስተር አስቴር መሣሪያውን እየሰበሰበች፣ «የተጠበሰ በቆሎ ነው» አለች። «አሁን የበቆሎ ወቅት አይደል? ማን ነው የተጠበሰ በቆሎ እያየ የሚያልፍ?»

«ገንፎ ብቻ ነው የበላሁት ብላ ማለች እኮ» አልኳት።

«በልጆቿ የማይምል በሽተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እኔ ግን አመንኳት። በምን ምክንያት እንደሆነ አላውቅም። ውሸታም ሰው ለጥርሱ እንደዚያ አያለቅስም ብዬ ይሆናል።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ትምህርት አልነበረም። እናቴ ቀይ አፈር ላለችው አክስቴ ቆጮ ላከችኝና በሚኒባስ ሄድኩ። ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ቤናውም ጸማዩም ሐመሩም ይመጣል፤ ቅቤ፣ ማር፣ ፍየል፣ ቅል፣ ሁሉም አለ። ቆጮውን አድርሼ ስመለስ በጨሌ ሻጮቹ ረድፍ በኩል አለፍኩ። እትዬ አማረች እዚያ ነበረች!

ጆንያ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ሰም የተቀባ ክር ከእግሯ አውራ ጣት ላይ አስራ ወጥራዋለች። በአንድ እጇ ክሩን ትይዛለች፣ በሌላው ቀይና ሰማያዊ ጨሌ ትደረድራለች። ጣቷ ሲሮጥ ለዓይን አይያዝም። አንዱን መስመር ጨረሰች፣ ቋጠረችው፣ ጎንበስ አለችና ክሩን በፊት ጥርሷ ነክሳ ቀጭ!

«እትዬ አማረች! ተይ!» ብዬ ጮህኩ።

ረድፉ በሙሉ ዞረ። አንድ ፍየል የያዘ ሰውዬ እንኳ ቆመ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ እባብ አየሽ?» አለችኝ።

«ጥርስሽ!»

«ጥርሴ ምን ሆነ?»

«አትብዪበት አላልንሽም?»

«መች በላሁበት?» አለች ተቆጥታ። «ቁርሴን በዚህ ጎን ነው የበላሁት፣ እማማ ወርቄ ምስክሬ ናቸው። ይሄ ክር ነው። ክር ይበላል?»

አጠገቧ የተቀመጡት እማማ ወርቄ፣ በዚያ ረድፍ ትልቋ ጨሌ ሻጭ፣ «የጂንካ ሰው ክር መብላት ጀመረ እንዴ?» አሉና ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ጥርሱ የተከፈተው ከኋላ ነው፤ ክሩ ሲነከስ የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነው። ሰም የተቀባ ክር ሲሳብ ጊዜያዊውን ሙሌት እንደ ድንጋይ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ምራቅ ይገባል፣ መድኃኒቱ ይወጣል፣ ጀርሙ ይመለሳል።

እትዬ አማረች ክሯን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ታዲያ በዚህ ካልበጠስኩበት ለምንድን ነው አትንቀሉት ያልኳችሁ?» አለች። «ይቺን ከነቀላችሁብኝ ገበያ አልወጣም አላልኩም?»

ብላለች። እኛ ስለ መልኳ መስሎን ነበር። የፊት ጥርስ የጎደላት ሴት ሰው ፊት መቆም ታፍራለች ብለን ነው የሰማናት። እሷ ግን ስለ እጅ ሥራዋ ነበር የምታወራው።

«መቀስ የለሽም?» አልኳት።

መቀሱ ከጆንያው ሥር ወጣ። «ይኸው። ግን በየትኛው እጄ ላንሣው? ክሩን ከለቀቅሁ ጨሌው ይፈሳል። ጥርስ ሦስተኛ እጅ ነው፣ ልጄ።»

እውነቷን ነው። ሞከርኩት፤ ክሩን ያዝኩ፣ መቀሱን ላነሣ ስል ጨሌው ሁሉ አሸዋ ውስጥ ፈሰሰ። ተንበርክከን ለቀምን። እማማ ወርቄ እየለቀሙ፣ «ሐኪሟ ገበያችንን ዘራችው፣ ይብቀልልን» ይላሉ።

መላውን ያመጡት ግን እሳቸው ናቸው። ከጉያቸው ምላጭ አወጡ፤ ሌላ ጊዜ ቆዳ የሚተለትሉበት ነው። ለሁለት ሰበሩትና ግማሹን ከተበላ በቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ሰኩት። ቆረቆንዳውን በጉልበቶቿ መካከል አስያዟት። «በይ፣ አሁን ክሩን ሳቢው» አሏት። መጀመሪያ ቆረቆንዳው ዞረባትና ክሩ አመለጠ። ጉልበቷን ጠበቅ አድርጋ ደገመችው። ሁለት እጇ ክሩ ላይ እንዳለ፣ ክሩን ወደ ምላጩ ጎተት ስታደርገው ተበጠሰ። አንድ ጨሌ አልወደቀም።

«ከጥርሴ ይዘገያል» አለች ፊቷን አጨማዳ።

«ይዘግይ። ጥርስሽ ግን አፍሽ ውስጥ ይቀራል» አሏት እማማ ወርቄ።

ሚኒባሱ ጂንካ እስኪደርስ መታገስ አቃተኝ። እየሮጥኩ ክሊኒክ ገባሁና ለዶክተርና ለሲስተር ነገርኳቸው። ሲስተር አስቴር፣ «በቆሎ ነው አላልኩም?» አለች፣ «ይኸው ቆረቆንዳው መጣ!» ዶክተር ሳቁ። «እኔ ያደግሁት ሸማኔ ቤት ነው» አሉ። «ጋሞ ውስጥ። እናቴ ክር በጥርሷ ስትበጥስ እያየሁ ነው ያደግሁት። የፊት ጥርሷ ላይ ክሩ የቆረጠው ቦይ ነበረ።» በማግስቱ በሽተኛ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ጨመረ፦ በጥርስህ ከመብላት ሌላ ምን ትሠራበታለህ? ይህን የምጠይቀው እኔ ነኝ። መልሱን ብትሰሙ! የወይጦው ሹፌር የጠርሙስ ክዳን ይከፍትበታል። አንዱ አናጢ ሚስማር ይይዝበታል። አንዲት ልብስ ሰፊ እንደ እትዬ አማረች ክር ትበጥስበታለች። የእኔው የክፍል ጓደኛ እስክሪብቶ ይቀረጥፍበታል።

እትዬ አማረች ለመጨረሻው አጠባ የመጣች ዕለት ሙሌቷ እንዳለ ነበር። ከንፈሯ አላበጠም። ይሄ ካልሆነ ግን ሌላ ዕድል የለም። ጠዋት በረኪናውን ስሠራ ልኩን ሁለቴ አየሁ። መጋረጃው ተወጠረ፣ ነጩ መድኃኒት ታጥቦ ወጣ። ዶክተር መርፌውን አስገብተው ቀስ ብለው ጫኑ። ሳክሽኑን ይዤ አረፋ እጠብቃለሁ። ትንሽ ወጣ። ደገሙት። ጠራ። በጨው ውሃ አጠቡ፣ በክሎርሄክሲዲን ጨረሱ፣ የወረቀቱን ዘንግ ከተቱና አወጡት። ነጭና ደረቅ ነበር። ዶክተር ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ወደ ሲስተር ዘረጉት፣ ሲስተር ወደ እኔ። ምንም አይሸትም።

«እንዘጋዋለን» አሉ።

ቦዩ ጉታ ፐርቻ በሚባለው ጎማ መሰል ነገር እስከ ጫፉ ተሞላ፤ ከኋላው ጠንካራው፣ ዋናው ሙሌት ተደረገ። እትዬ አማረች መስተዋት ጠየቀች። ጥቁረቱ ለጊዜው አልለቀቀም ነበር፤ ለእሱ ግድ አልሰጣትም። ጥርሱን በምላሷ ነካ ነካ አደረገችው። «ይቺው፣ አለች» አለች።

ያም ሆኖ አጥንት በአንድ ቀን አይመለስም። ወራት ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ዳነ አይባልም። ድዷ ላይ ያለው ብጉር ቶሎ ጠፋ። ራጁ ግን ቆየ። ባለፈው ወር ተነሣች። ዶክተር የድሮውንና የአዲሱን ራጅ ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ያዙልኝ። በድሮው ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህለው ጥቁር ጥላ አለ። በአዲሱ ላይ ፈለግሁት። አጣሁት። አጥንቱ ሞልቶታል። እልል አልኩ፤ በሌላኛው ክፍል ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሰርግ ያለ መስሏቸው በር ላይ ተሰበሰቡ።

ለአዲሶቹ ረዳቶች የማሳየው ይኸው ነው። ከእሱ የተማርኩት ደግሞ አጭር ነው። በረኪናው ሥሩን ያጸዳል፤ የጸዳው እንዳይመለስ ግን ሰውዬው በጥርሱ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። ሳትጠይቁ ሙሌት አይዘጋ።

እትዬ አማረች የራጁ ዕለት ከመውጣቷ በፊት ለዶክተር እንዲህ አለቻቸው፦ «እኔ ዳንኩ። ረድፌ ላይ ያሉት ሴቶች ግን ሁሉም በጥርሳቸው ነው የሚበጥሱት፤ የእማማ ወርቄማ አልቋል። ሴቶቹ እዚህ አይመጡም፤ ገበያቸውን ጥለው የት ይመጣሉ? እናንተ ኑ። ሐሙስ ሐሙስ አለን። ጆንያ አነጥፋለሁ፣ ጥላም አለ።» ወደ እኔም ዞራ፣ «አንቺም የምታውቂውን ሰው ሁሉ ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ዶክተር እሺ ብለዋል። የዚህ ወር የመጨረሻ ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከመናኸሪያ እንነሣለን፤ መስተዋትና ባትሪ ይዘን የሴቶቹን አፍ እናያለን፣ ምላጭና ቆረቆንዳውንም እናሳያለን። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አዲሶቹም ነባሮቹም፣ ከሃና ከተማም ሁኑ ከወይጦ፣ እንድትመጡ ተጋብዛችኋል። እትዬ አማረች የምታውቂውን ሁሉ ብላለች፤ እኔ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እናንተን አውቃለሁ። ለመምጣት ጥርስ መታመም አያስፈልግም።